ያልነበረችውን ብራዚል እንዴት ትሰራላችሁ

ካርታዬን ያየ ሰው ሁሉ የሚለኝ አንድ ነው፣ «ይሄን ሁሉ ከየት አመጣኸው?»። ካርታው የብራዚል ነው ግን የምናውቃት ብራዚል አይደለችም፣ ታሪክ በሌላ በኩል ቢታጠፍ ኖሮ ልትሆን ትችል የነበረችው ናት፣ ሰሜኑ ሌላ አገር ነው፣ ድንበር አለው፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚማሩት በፖርቹጋልኛ አይደለም። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ከሰዓት የድሬ ፀሐይ ሰውን ከመንገድ ሲያባርር፣ ቬንቲሌተር ስር ቁጭ ብለን አንዳንዴ በበርጫ አንዳንዴ በሻይ ብቻ ሁለት አመት የለፋንበት ነው። እና መስራት ለምትፈልጉ እንዴት እንደሚሰራ ልንገራችሁ፣ ከኛ ስህተት ጀምሬ። አመተ ምህረቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ ኋላ እንዳትጨቃጨቁኝ።

የመጀመሪያው ካርታዬ ቀሽም ነበር። ከሳኦ ፓውሎ ተነስቶ ሳንቶስ ወደብ ላይ ውቅያኖስ የሚገባ ትልቅ ወንዝ ሳልኩ፣ ወንዙ ላይ መርከብ፣ ከወንዙ ጎን ደግሞ ቀጥ ያለ የባቡር መስመር፣ በቃ ቡናው በሁለቱም ይወርዳል ብዬ ኩራቴ ሌላ ነበር። ሰፈራችን አንድ ጡረተኛ የምድር ባቡር ሰው አሉ፣ ሁላችንም ሼፍ ነው ምንላቸው፣ ዛሬም ጠዋት ጠዋት በፈረንሳይኛ ነው ሰላም የሚሉን። መነፅራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ካርታውን ወደ ብርሃን አዞሩትና ጣታቸውን ሳንቶስ ላይ አርገው «አቦ ልጄ፣ ይሄ ባቡርህ በምን ጉልበት ነው የሚወጣው?» አሉኝ። ዝም አልኩ። «ከፍታውን ሳታይ ነው ሃዲድ ያነጠፍከው?» አሉና ወረቀቱን መልሰው ሻያቸውን መጠጣት ቀጠሉ።

ቤት ገብቼ ሳጣራ በጣም አፈርኩ። ሳንቶስ ባህሩ ጫፍ ላይ ናት፣ ሳኦ ፓውሎ ግን 760 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ በመሃል ሴራ ዶ ማር የሚባል ገደል እንደ ግድግዳ ቆሟል። ተራ ባቡር ደግሞ በ100 ሜትር ርቀት ከ2 ወይ ከ3 ሜትር በላይ ውጣ ከተባለ ያቃስታል። እንግሊዞቹ በ1867 መስመሩን የከፈቱት ገደሉን በአራት ተዳፋት ከፋፍለው፣ እያንዳንዱ ተዳፋት አናት ላይ የቆመ የእንፋሎት ሞተር ተክለው፣ ባቡሩን በብረት ገመድ እየጎተቱ ነው። ወንዙማ የባሰ አሳቀኝ፣ ቲዬቴ የሚባለው ወንዝ የሚነሳው ከውቅያኖሱ ሃያ ምናምን ኪሎሜትር ላይ ሆኖ ፊቱን ወደ መሃል አገር አዙሮ ነው የሚሄደው፣ ባህሩን ጀርባ ሰጥቶ! ልክ እንደኛ አዋሽ፣ ባህር ሳያይ አቤ ሃይቅ ገብቶ እንደሚቀረው።

እና ሼፍ የጠየቁኝ ጥያቄ ድሬን ራሷን የሰራ ጥያቄ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ መሄድ የነበረበት ሐረር ነበር፣ ገበያው እዛ፣ ቡናው እዛ፣ ጀጎል እዛ። ግን ሐረር 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው ድሬ 1,200 ገደማ ላይ፣ ደንገጎን በሚኒባስ ሲወጣ ጆሮው ጭው ያላለበት ሰው ካለ ይንገረኝ፣ ያንን በሃዲድ መውጣት ወጪው አይቀመስም። ስለዚ መስመሩ ከተራራው እግር ስር ቀረ፣ በ1902 መጨረሻ ባቡሩ ሜዳው ላይ ደረሰ፣ ከተማ በቀለ፣ ስሙንም አዲስ ሐረር አሉት፣ ስሙ ግን አልያዘም። ከዛ ገንዘብና ፖለቲካ ጠፍሮት አመታት ቆመ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፣ ድሬም በዛ ሁሉ ጊዜ የመጨረሻ ፌርማታ ሆና ወፈረች። ዳገቱ ትንሽ ለዘብ ያለ ቢሆን ኖሮ እኔ ይሄን የምፅፈው ከሐረር ነበር፣ ከዚራ የሚባል ሰፈርም አይኖርም፣ ምናልባት ደቻቱ ዳር ግመል ብቻ ይቆም ነበር።

ስለዚ መጀመሪያ ንጉስም ጦርነትም ሳታስቡ መሬቱን ሳሉ። ትልቅ ወረቀት ግዙ፣ ስልካችሁ ላይ ከፍታ በቀለም የሚያሳይ ካርታ ክፈቱ፣ አሳላፊ ወረቀት ካገኛችሁ የባህር ዳርቻውን ገልብጡ ካላገኛችሁ መስኮት ላይ ለጥፋችሁ ገልብጡት እኛ እንደዛ ነው ያረግነው። ብራዚል 8.5 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎሜትር ነች፣ የኛን አገር ሰባት ጊዜ አስገብታ ይተርፋታል፣ ስለዚ ሁሉንም ዝርዝር ልሳል ብትሉ ትሰለቹና ትተዉታላችሁ። አራት ነገር ብቻ ይበቃል። በምስራቅ ያ የባህር ዳር ገደል። ከገደሉ ጀርባ ያለው አምባ። ሰሜን ምስራቅ ላይ ሴርታኦ የሚሉት ዝናብ የሚከዳው ደረቅ አገር፣ እዛ የ1877ቱን ድርቅ ማንበብ አለባችሁ፣ ለሶስት አመት ነው የዘለቀው፣ ለኛ አገር ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም። አራተኛው አማዞን ነው፣ እሱ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ዝርግ ነው፣ ዝርግ ስል ምጣድ ነው። ኢኪቶስ የምትባለው የፔሩ ከተማ ከወንዙ አፍ 3,600 ኪሎሜትር ገደማ ወደ ውስጥ ገብታ ከፍታዋ 100 ሜትር ብቻ ነው። ማናውስ 1,500 ኪሎሜትር ገብታ የውቅያኖስ መርከብ ይደርሳታል። ከባህር ዳር 50 ኪሎሜትር ለመግባት ገመድ የሚያስፈልግበትና 1,500 ኪሎሜትር በመርከብ የሚገባበት ቦታ አንድ አገር ውስጥ ነው ያለው፣ ይሄን ከያዛችሁ ግማሹን ጨርሳችኋል።

ነፋስና የባህር ሞገድም ጨምሩበት፣ ሞገድ ስል ውሃው ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድበትን ነው፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል። በሸራ መርከብ ዘመን ከሰሜኑ ጠረፍ ከማራንያው ተነስቶ ያኔ ዋና ከተማ ወደነበረችው ሳልቫዶር መውረድ ከነፋሱም ከሞገዱም ጋር መጣላት ነው፣ ወደ ሊዝበን መሄድ ይቀል ነበር። እና ፖርቹጋሎች በ1621 ሰሜኑን ለብቻው አወጡት፣ የማራንያው ግዛት ተባለ፣ ተጠሪነቱ ቀጥታ ለሊዝበን። በ1751 ስሙ ተቀየረ፣ ግራኦ ፓራና ማራንያው ሆነ፣ ዋና ከተማውም ቤሌም። በሌላ አነጋገር ለረዥም ጊዜ «ብራዚል» የሚባል አንድ ነገር አልነበረም፣ ሁለት ነበር። እኛም ካርታችንን ያገኘነው እዚች ላይ ነው።

ቀጥሎ ታሪኩ የሚታጠፍበትን ቦታ መምረጥ ነው። ትንሽ ትሁን፣ ቀን ይኑራት፣ በዛን ሰዓት በእውነት ወደ ሁለቱም ልትሄድ ትችል የነበረች ትሁን። ጀማሪ ሁሉ የሚሮጠው «ሆላንዶች ቢያሸንፉስ» ወደሚለው ነው፣ እኔ እሱ ሰልችቶኛል ወላሂ። አዎ ከ1630 እስከ 1654 ሰሜን ምስራቁን ይዘው ነበር፣ ስኳሩን ብለው፣ ሬሲፌን አሳምረው፣ ግን አገዳ እርሻው በፖርቹጋሎች እጅ ነበር፣ እዳ ሲበዛባቸው በ1645 ተነሱባቸው። ሆላንዶቹን ለማቆየት እዳውንም ገበሬውንም የስኳሩንም ዋጋ መቀየር አለባችሁ፣ ያ አንድ መታጠፊያ አይባልም አምስት ነው። የ1494ቱን የቶርዴሲያስ መስመር ላንቀሳቅስ የሚልም አለ፣ ስፔንና ፖርቹጋል አለምን የተካፈሉበትን፣ እሱን ከነካችሁ ከ500 አመት በላይ መከተል ነው፣ መንገድ ላይ ትጠፋላችሁ።

ጥሩ ከሚባሉት አንዱ ህዳር 1807 ነው። የናፖሊዮን ጦር ሊዝበን ሊገባ ሲል የፖርቹጋል ንጉሳዊ ቤተሰብ መርከብ ላይ ተጭኖ ነፋስ ይጠብቃል። ነፋሱ ህዳር 29 ቀን ዞረ፣ ወጡ፣ ጁኖ የተባለው የፈረንሳይ ጄነራል በነጋታው ገባ። አንድ ቀን! ነፋሱ አንድ ቀን ቢዘገይ ኖሮ ቤተ መንግስቱ ሪዮ አይመጣም፣ ሪዮ ዋና ከተማ የሚያረጋት ነገር ይቀንሳል፣ ብራዚልም እንደ ስፔን አሜሪካ ብትንትን ልትል ትችል ነበር። ይሄን ለሌላ ሰው ትቼዋለሁ፣ የፈለገ ይውሰደው።

የኛዋ ግን ከሱም ትጣፍጣለች። 1823 ነሃሴ ላይ፣ ብራዚል ነፃነቷን ካወጀች አመት ሊሞላት ሲል፣ ቤሌም ገና ከሊዝበን ጋር ናት። ግሬንፌል የሚባል ለብራዚል የሚዋጋ እንግሊዛዊ መኮንን፣ ገና ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ልጅ፣ በአንዲት መርከብ ወደቡ ላይ ደረሰና «ትልቁ የጦር መርከብ ጓድ ከኋላዬ ባህሩ ላይ ቆሟል፣ እጅ ስጡ» አላቸው። ጓድ የሚባል ነገር አልነበረም። አለቃው ኮክሬን ከዛ በፊት የማራንያው ከተማ ሳኦ ልዊስ ላይ ያረጋትን ብልሃት ደግሞ ነው። የቤሌም ሰዎች አምነው ተቀላቀሉ፣ የአማዞን አፍ በውሸት ተያዘ። እና የኛ መታጠፊያ ይሄ ነው፦ አንድ ተጠራጣሪ የወደብ ሰራተኛ በአሳ አጥማጅ ጀልባ ሁለት ልጅ ልኮ «እስቲ እዩ» ቢልስ? ያን ያህል ናት፣ ሁለት ልጅና አንድ ጀልባ።

መታጠፊያው ያለበት ቀን ራሱ ስራ ያቃልልላችኋል፣ ከዛ በፊት ያለው ሁሉ ተቆልፏል ማለት ነው። ለምሳሌ ቡና። የኛው ቡና በየመን በኩል ወጥቶ በሆላንዶችና በፈረንሳዮች እጅ ዞሮ ዞሮ ብራዚል የገባው በ1727 ነው፣ ፓልዬታ የተባለ የፓራ መኮንን ከፈረንሳይ ጉያና ወደ ቤሌም ይዞት መጣ። አያችሁ፣ በኛ ካርታ ውጪ አገር በሆነችው ከተማ በኩል ነው የገባው! በ1823 ግን ቡናው ደቡብ ወርዶ ስር ሰዷል፣ ስለዚ ደቡቧ ብራዚል ቡናዋን አታጣም። አንዱ ጓደኛዬ የሐረር ልጅ ነው፣ ብራዚልን ቡና ከልክለን ሐረርን ሃብታም እናርጋት ብሎ አንድ ሳምንት ሙሉ ተሟገተ፣ ቀኑን አሳይቼው ነው የተወኝ፣ አሁንም ግን የተወ አይመስለኝም።

ከዚ በኋላ ስራው መከተል ነው፣ አስቸጋሪውም ጣፋጩም እሱ ነው። አንድ ነገር በቀየራችሁ ቁጥር ሶስት ነገር ጠይቁ፣ ምን ይጫናል፣ በምን ይጫናል፣ ማን ይከፍላል። እኛ እንዲህ ሄድን። ቤሌም አልተታለለችም፣ ከፖርቹጋል ጋር ቆየች። ፖርቹጋል ግን በ1832 የወንድማማች ጦርነት ውስጥ ገብታ እስከ 1834 ትናጣለች፣ ሩቅ ግዛት የምትይዝበት አቅም የላትም። 1835 ጥር ላይ በእውነተኛው ታሪክ ካባናጄም የሚባለው አመፅ ፈነዳ፣ ካባኖ ማለት የጎጆ ሰው ነው፣ ወንዝ ዳር ጎጆ የሚኖረው ድሃ፣ ነባሩ ኢንዲያን፣ ጥቁሩ፣ ክልሱ ተነስቶ ቤሌምን ያዘ። በእውነቱ ታሪክ በ1836 ከሪዮ የመጣ የመርከብ ጦር ከተማዋን አስለቀቃቸው፣ እስከ 1840 በየጫካው እየተሳደዱ አለቁ፣ ከ30,000 በላይ ሰው እንደሞተ ይገመታል፣ የግዛቱ ህዝብ ደግሞ በጠቅላላ 100,000 ብዙም አያልፍም ነበር። በኛ ታሪክ ግን ከሪዮ የሚመጣ ጦር የለም፣ ምክንያቱም ቤሌም የሪዮ አይደለችም። ሊዝበን ትልክ ይሆናል፣ በስንት መርከብ? በማን ብር? ስለዚ ካባኖዎቹ ከተማዋን እንደያዙ ቀሩ፣ አገር ሆነች። ስሟን ግራኦ ፓራ ብለን ተውነው፣ ፓራ በአገሬው ቋንቋ ትልቅ ወንዝ ማለት ነው፣ ምን ሌላ ስም ያስፈልጋል።

ቋንቋ ላይ ደግሞ ደስ የሚል ነገር አገኘን። ፖርቹጋሎች መጀመሪያ አካባቢ ከቱፒ ህዝብ ቋንቋ የተወለደ ሊንጉዋ ዤራል የሚባል መግባቢያ ነበራቸው፣ ሚስዮኑም ነጋዴውም ቤት ያለችው እናትም የምታወራው። በ1750ዎቹ መጨረሻ ፖምባል የሚባለው የፖርቹጋል ሚኒስትር መንግስት ከለከለው፣ አማዞን ውስጥ ግን ማን ሰምቶት፣ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ወንዙ ላይ የሚወራው እሱ ነበር፣ ዛሬም ኝዬንጋቱ በሚል ስም አለ። እና የካባኖ አገር ቢመሰረት የአዋጁ ቋንቋ የቱ ይሆናል? እኛ ኝዬንጋቱ አልን። ከተማ ስትሰይሙም ከዚሁ ውሰዱ፣ ኢጉዋሱ ትልቅ ውሃ ነው፣ «ኢ» ውሃ «ጉዋሱ» ትልቅ፣ በሱ መንገድ የራሳችሁን ግጠሙ። ፖርቹጋሎቹ በበኩላቸው የደረሱበትን ቀን ወይ ወር ነው ስም የሚያረጉት፣ ሪዮ ዴ ጄኔሮ የጥር ወንዝ ማለት ነው፣ ወንዝ ግን የለም ባህር ሰላጤ ነው። አንዳንድ ስም ስህተት ይሁን፣ እውነት የሚያስመስለው እሱ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ እዚ ላይ ብዙ ሰው ይዋሻል። ያሰባችኋት አገር ደስ እንድትል ብላችሁ ባርነቱን አታጥፉት። ወደ ብራዚል 4.8 ሚሊዮን ገደማ አፍሪካውያን በሰንሰለት ተጭነው ደርሰዋል፣ ከየትኛውም የአሜሪካ አገር በላይ፣ ባርነትም በህግ የቀረው ግንቦት 13 ቀን 1888 ነው፣ ከአሜሪካ አህጉር የመጨረሻዋ። የካባናጄም መሪዎች ራሳቸው ቤሌምን ይዘው በነበረ ጊዜ ባርነትን አላስቀሩም፣ እና የኔ ካባኖዎች በአንድ ሌሊት መላዕክት ሆኑ ብዬ ብፅፍ ሰውየዎቹን አላውቃቸውም ማለት ነው። እኛ ክርክሩን አስገባነው፣ አገሪቷ ስትመሰረት በዚሁ ጉዳይ ለሁለት ተከፍላ ሃያ አመት ስትጨቃጨቅ። እዛው ጥር 1835 ላይ ደግሞ ሳልቫዶር ውስጥ ሌላ ነገር ነበር፣ ማሌ የሚባሉት ሙስሊም ባሪያዎች፣ ከምዕራብ አፍሪካ የተወሰዱ፣ በረመዳን መጨረሻ ተነሱ። ፖሊስ ሲፈትሽ በአረብኛ የተፃፉ ወረቀቶች አገኘ፣ በቆዳ የተሰፉ ክታቦች፣ ቁርአን ሲማሩ የፃፏቸው መልመጃዎች። ሐረር ጀጎል ውስጥ ሎህ ይዞ ፊደል የቆጠረ ሰው ይሄን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው አላውቅም፣ እኔ መፅሃፉን ዘግቼ ትንሽ ወጣ ብዬ ነው የተመለስኩት። ከአመፁ በኋላ በእውነቱ ታሪክ ብዙዎቹ ወደ አፍሪካ ተባረሩ። በኛ ካርታ ጥቂቶቹ በጀልባ ጠረፍ ጠረፉን ወደ ግራኦ ፓራ ይሸሻሉ፣ ሞገዱም ወደዛው ነው የሚገፋው፣ ቅድም ያልኳችሁ ሞገድ።

ጎማ ላይ ሳትደርሱ አማዞንን ሃብታም አታርጉ። ጎማን ሙቀትና ብርድ የሚችል ያረገው ዘዴ የተገኘው በ1839 ነው፣ በአየር የሚነፋ የብስክሌት ጎማ በ1888 መጣ፣ ማናውስ ትልቁን ኦፔራ ቤት በ1896 ከፈተች። በእውነቱ ታሪክ በንጉሱ ዘመን የቀረጡ ብር ወደ ሪዮ ይሄድ ነበር፣ በኛው እዛው ቤሌም ይቀራል። የ1877ቱ ድርቅ ከሰሜን ምስራቁ ግዛት ከሴያራ ያፈናቀለው ሰው ደግሞ ጎማ ለማድማት ወደ አማዞን የተሰደደው አገሩ ውስጥ ነው፣ በኛው ካርታ ግን ድንበር ይሻገራል፣ ወረቀት ይጠየቃል፣ ጉቦ ይከፍላል። አንድ ሰው ጅቡቲ ድንበር ላይ የቆመ እንደሆነ አስቡና ፃፉት፣ ምንም አይለይም።

ሃብቱ ግን ያልቃል፣ እንዳትራሩላቸው። በ1876 ዊክሃም የሚባል እንግሊዛዊ ከታፓዦስ ወንዝ አካባቢ 70,000 ገደማ የጎማ ፍሬ ጭኖ ለንደን አደረሰ፣ ከዛ ችግኙ እስያ ሄደ። ወደብ ላይ ፈትሸን እንያዘው አልን መጀመሪያ፣ ኋላ ግን ተውነው፣ ምክንያቱም እሱ ባይወስደው ሌላው ይወስደው ነበር፣ የኛንስ ቡና ስንት ሰው ነው የወሰደው። «እሺ እነሱም በመስመር ተክለው ይወዳደሩ» እንዳትሉ፣ ዛፉ በትውልድ አገሩ ተጠጋግቶ ሲተከል ቅጠሉን የሚያደርቅ ፈንገስ አለ፣ እስያ አልተከተለውም። ሄንሪ ፎርድ በዛ ሁሉ ገንዘቡ ከ1928 ጀምሮ ፎርድላንዲያ ብሎ ከተማ ሰርቶ ሞከረው፣ በ1945 ጥሎ ወጣ። ፎርድ ያልቻለውን የናንተ የእርሻ ሚኒስትር አይችለውም።

መሬቱን ራሱን መቀየር ለምትፈልጉስ? ይቻላል፣ ግን አንድ ተራራ ስትነኩ ስንት ነገር እንደሚነቃነቅ እወቁ። አንዲስ ተራሮች ከመነሳታቸው በፊት የዛሬው አማዞን ሸለቆ ውሃ ወደ ምዕራብ ነበር የሚፈሰው፣ ተራራው ሲነሳ መሃል ላይ ረግረግ ሆኖ ቆይቶ ኋላ ወደ አትላንቲክ ዞረ። ዝናቡም እንደዛ ነው፣ ከውቅያኖስ የመጣው እርጥበት ጫካው ላይ ይወርዳል፣ ጫካው መልሶ ወደ ሰማይ ይተነፍሰዋል፣ አንዲስ ይመታና ወደ ደቡብ ይታጠፋል፣ የሳኦ ፓውሎ ገበሬ ከዛ ይጠጣል። አፍሪካም እጇ አለበት፣ ቻድ ውስጥ ቦዴሌ ከሚባለው ድርቅ ካለ ሃይቅ ወለል የሚነሳው አቧራ ውቅያኖስ ተሻግሮ ለአማዞን አፈር ፎስፈረስ ይወስድለታል። ስለዚ ሰሃራን አረንጓዴ አርጎ አማዞንን እንዳለ የሚተው ካርታ ሳይ እስቃለሁ።

ብዙ ሰው የሚወደው ደግሞ አማዞን ላይ ትልቅ ግድብ ነው። ቅድም ምጣድ ነው ያልኩትን አትርሱ። ባልቢና የሚባል ግድብ ማናውስ አጠገብ ሰርተዋል፣ ወደ 2,360 ስኩዌር ኪሎሜትር ጫካ ውሃ ውስጥ አስገብተው የሚያመነጨው አቅሙ 250 ሜጋዋት ነው። የኛ ህዳሴ 1,874 ስኩዌር ኪሎሜትር ላይ 5,150 ሜጋዋት፣ ደቡብ ላይ ያለው ኢታይፑ ደግሞ 1,350 ላይ 14,000። ውሃ ብዛቱ ብቻ አይደለም፣ የሚወድቅበት ገደል ያስፈልገዋል። ለግራኦ ፓራ መብራት ስንፈልግ ሶስት ወር ፈጀብን፣ መጨረሻ ላይ ዋናው ወንዝ ላይ ምንም ሳንሰራ ከደቡብ የሚወርዱት ገባሮች ፏፏቴ ያለባቸው ቦታ ላይ ትንንሽ አስቀመጥን።

ሲያልቅ እንደ ታሪክ መፅሃፍ አትፃፉት፣ ማንም አያነበውም። ከዛች አገር የወጣ እቃ ስሩ፣ የባቡር ቲኬት፣ የጉምሩክ ደረሰኝ፣ የሆነ ሰው የፃፈው ክስ። እኛ ከሰራናቸው የምወደው የአራተኛ ክፍል ጂኦግራፊ መፅሃፍ አንድ ገፅ ነው፣ እንዲህ ይላል፦

«አገራችን ሁለት ወቅት አላት፣ ውሃው የሚወጣበትና ውሃው የሚወርድበት። በሚወጣበት ወቅት ማናውስ ላይ ወንዙ አስር ሜትር ያህል ከፍ ይላል፣ በዚህ ጊዜ ትምህርት ቤት በጀልባ ይኬዳል። በሚወርድበት ወቅት በእግር ይኬዳል። ጥያቄ፦ የናንተ ቤት ምሰሶ ስንት ክንድ ነው? ጎረቤታችሁ ምሰሶውን ለምን አስረዘመ?»

አስር ሜትሩ እውነት ነው፣ ወንዙ በየአመቱ እንደዛ ነው ሚያረገው። ሌላው የኛ ነው። ወረቀቱን ሻይ ነክረን ፀሐይ ላይ አሰጣነው፣ ድሬ ላይ በአስር ደቂቃ ይደርቃል፣ ያረጀ መሰለ። ከተማ ውስጥ አንድ ፎቶኮፒ ቤት ልጁ አይቶት «ይሄ የየት አገር ነው» አለኝ፣ ዝም ብዬ ከፍዬ ወጣሁ፣ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ።

ከማውጣታችሁ በፊት ግን ስለ ብራዚል ምንም ለማያውቅ፣ ስለ አንድ ነገር ግን ጠንቅቆ ለሚያውቅ ሰው አሳዩት። ነርስ ከሆነች የቢጫ ወባውን ትጠይቃችኋለች፣ ነጋዴ ከሆነ ሚዛኑንና ብሩን። እኔ ባለፈው ሳምንት አዲሱን ካርታ ይዤ ሼፍ ጋ ሄድኩ፣ ገደሉ በቦታው፣ ቲዬቴ ወደ ውስጥ፣ ከደቡቧ ብራዚል ወደ ግራኦ ፓራ ድንበር በሴርታኦ በኩል የሚወጣ በ1890ዎቹ የተሰራ የባቡር መስመር። መነፅራቸውን ሰቅለው ረዥም ሰዓት አዩት፣ ዳገቱን በጣታቸው ተከተሉት፣ ምንም አላሉም፣ አሁንስ አለፍኩ ብዬ ሻይ ላዝ ስነሳ «ና ቁጭ በል» አሉኝ። «ባቡሩ የእንፋሎት ነው አይደል?» አዎ ሼፍ። «እንፋሎት ውሃ ይጠጣል ልጄ። ይሄ ሁሉ ደረቅ አገር ነው አልከኝ። የት የት ነው የሚቀዳው?»

ሴርታኦን የሚያቋርጥ አመቱን ሙሉ የማይደርቅ ወንዝ ሳኦ ፍራንሲስኮ ነው፣ 2,800 ኪሎሜትር ገደማ ይረዝማል፣ እሱም ቀጥታ አይሄድም፣ ወደ ሰሜን ወጥቶ ወጥቶ ወደ ምስራቅ ይጠመዘዛል። አሁን መስመሩን በላጲስ አጥፍቼ ወንዙ ዳር ዳሩን እየመለስኩት ነው፣ ሶስት ከተማ ቦታ ለቀዋል።